የብልቃጥ ወለል

ነገሩን የሰማችው ፊቷን ሳሙና እንደተቀባች ነው። የግቢው ቧንቧ ያለው ከወንድሟ ወጥ ቤት መስኮት ሥር ነው፤ መስኮቱ ደግሞ ከመጋረጃ በቀር ሌላ መዝጊያ ስለሌለው፣ እዚያ ቤት የሚወራው ሁሉ ፈለገም አልፈለገም ቧንቧው ጋ ለቆመ ሰው ይደርሳል። ወንድሟ ስልክ ይዟል። ድምፁ ማር ማር ብሏል፤ እንዲህ የሚሆነው ሰው ሲያግባባ ብቻ መሆኑን ከልጅነቱ ጀምራ ታውቃለች። "የኋለኛዋን ክፍል አያስቧት፤" ይላል፤ "አባታችን የሠራት ናት፤ ከግቢው ጋር አብራ ነው የምትሸጠው። እትዬ እንዲያው ተጠግታ ነው የምትኖርባት።" ከዚያ ሳቀ። ሳቁ ረዘም ስላለ በወዲያ በኩል ያለው ገዢም አብሮት ሳይስቅ አልቀረም። እሷ ሳሙናው ዓይኗ ውስጥ ገብቶ ያንገበግባታል፤ ውሃው ከፊቷ በከንቱ ይፈስሳል፤ እጇን ዘርግታ መታጠቡን ግን ረስታዋለች። ተጠግታ። አሸዋውን በባልዲ አመላልሳ በሠራችው ቤት፣ ሠላሳ ዓመት በኖረችበት ቤት፣ ተጠግታ።

ፊቷን በፎጣ እያበሰች በወጥ ቤቱ በር ገባች። ወንድሟ ስልኩን ኪሱ እየከተተ ነበር፤ ሲያያት አልደነገጠም። ጡረታ የወጣ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ ጉልበቱ ስለማይታጠፍለት ሲቆም ጠረጴዛ ይደገፋል። ሰምታው ከሆነ ጥሩ፣ ባትሰማም ዛሬ ሊነግራት እንደነበር አስረዳት። ቤቱን መሸጡ የማይቀር ነው። ወደ ትልቁ ልጁ ከተማ ሄዶ ጉልበቱን ይታከማል፤ ለእሷ ደግሞ ውሃው ቤት ውስጥ የገባ ንጹሕ ክፍል ይከራይላታል፤ በዚህ ዕድሜዋ ብርድ ላይ ቆማ መታጠብ ምን ያደርግላታል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁለት ሽማግሌዎች ይመጣሉ፤ ነገሩ በሰላም ያልቃል። ሚስቱ ሽንኩርት እየከተፈች ቀና አላለችም። ሃያ ስድስት ዓመት በአንድ ግቢ ሲኖሩ ሁለቱ ሴቶች ጨውና ክብሪት ተበዳድረዋል፤ ከዚያ ያለፈ ነገር ግን ተነጋግረው አያውቁም።

"ክፍሏን አባዬ ነው የሠራት ብለህ ታምናለህ?" ብላ ጠየቀችው።

"ታዲያ ማን ሊሠራት ነው፣ እትዬ?"

ከስልኩ ወሬ ይልቅ ይህ አመማት። እየዋሸ ቢሆን ኖሮ ታውቅበት ነበር፤ ስትሰድበው ቀለል ይላት ነበር። ወንድሟ ግን አልዋሸም። ከልቡ ገርሞት ነው የጠየቃት።

ነገሩ ውስብስብ አይደለም። እናታቸው ስትሞት ከፊት ያለውን ቤት "አንተ አራት ልጅ አለህ፤ እኔ አንድ ራሴን ነኝ" ብላ እሷው ራሷ ፈርማ ለወንድሟ ለቀቀችለት። የኋለኛዋን ክፍል ማንም ሊጠይቃት ይችላል ብላ አልጠረጠረችም፤ ያልጠረጠረ ተመነጠረ ማለት ይኸው ነው። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው "አባታቸው የሠሩት ቤት በሙሉ" የሚል ነበር። እንግዲህ አባቷ ሠርቷት ከሆነ ክፍሏ የወንድሟ ናት፤ ሸጦ ይሄዳል። እሷ ሠርታት ከሆነ ደግሞ ገዢው ስቆም ሆነ አልቅሶ አይገባባትም። ለዚህ የሚሆን ሌላ ወረቀት የለም፤ ያለው ወለሉ ብቻ ነው።

ወለሉን አይቶ የማይገረም ሰው የለም። ክፍሏ አራት ሜትር በሦስት ተኩል ናት፤ አንድ አልጋ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር፣ በስተማዕዘኑ ደግሞ ከባድ የእንጨት ቁም ሳጥን አለባት። ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የተነጠፈው ግን የመድኃኒት ብልቃጥ ነው፤ አራት ሺህ ያህል ትንንሽ ብልቃጥ፣ አፉ ወደ ታች ሲሚንቶ ውስጥ ተቀብሮ፣ መቀመጫው ወደ ላይ ተገልብጦ። ክቡ አለ፣ ሞላላው አለ፣ ባለ ስድስት ማዕዘኑ አለ። ቡናማው የሚበዛው መሀል ላይ ነው፤ ድሮ መርዝነት ያለው መድኃኒት ይቀመጥበት የነበረው ሰማያዊው በአልጋው ግርጌ ተሰልፏል፤ በሩ አጠገብ ያሉት ደግሞ ነጭ የነበሩ ናቸው፤ ጠዋት ጠዋት የሚያርፍባቸው ፀሐይ ዓመት በዓመት ላይ ሲደራረብ ወደ ሐምራዊ እየሄዱ ነው። እንግዳ ሲገባ ማንም ሳያዝዘው ጫማውን ያወልቃል። ሰፈሩም በዚሁ የተነሣ "እትዬ ብልቃጥ" ብሎ ስም አውጥቶላት፣ ትክክለኛ ስሟን የሚያውቀው የመብራት ቆጣሪ አንባቢው ብቻ ሆኖ ቀርቷል።

ብልቃጥ ማንበብ የተማረችው በአሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። አባቷ በመድኃኒት ቤቱ የመጋዘን ጠባቂ ነበር፤ እሷን ብልቃጥ አጣቢ አድርጎ አስገባት፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ሠራች። የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት ቀጭን፣ ነገረኛና ደግ ሽማግሌ ነበሩ። ሥራ ሲቀዘቅዝ ከታጠበው አንዱን አንሥተው ወደ መስኮቱ ብርሃን ይይዙትና "ስንት ዓመቱ ነው?" ይሏታል። መጀመሪያ አንገቱን ታያለች። ብልቃጥ የሚወጣው ቀልጦ ከሚፈስስበት ባለ ሁለት ገጽ ቅርጽ ስለሆነ ጎኑ ላይ የስፌት መስመር አለው፤ መስመሩ ትከሻው ላይ ከጠፋ አፉን ሰው በእጁ ነው የጨረሰው፤ ከንፈሩን ዘሎ ካለፈ ግን ማሽን ነው የወለደው። ቀጥላ መቀመጫውን ትገለብጣለች። የጥንቱ ጥንት ከብረት ዘንግ ላይ ተሰብሮ ስለሚወርድ መሀሉ ላይ ሸካራ ጠባሳ ይቀርበታል፤ ሽማግሌው "እምብርት" ይሉታል። የማሽኑ ደግሞ እንደ ፀጉር የቀጠነ ቀለበት አለው። በመጨረሻ የመጡት ላይ ፋብሪካው ምልክቱን ከመሀል፣ የቅርጹን ቁጥር ከግራ፣ የተሠራበትን ዓመት ከቀኝ አትሞ ነገሩን አቀለለው። "ብልቃጥ እንደ ሴት ዕድሜውን አይደብቅም" ሲሏት፣ "ሴትም የምትደብቀው ለጠየቃት ነው" ብላ መልሳላቸው አንድ ሳምንት ስቀዋል።

አባቷ የሞተው በሰባ አንድ ዓመተ ምሕረት ነው። በሰባ አምስት መድኃኒት ቤቱ ፕላስቲክ ላይ ዞረና ሽማግሌው ምድር ቤቱ እንዲጸዳ አዘዙ። ከአያታቸው ዘመን ጀምሮ የተጠራቀመ ብልቃጥ ነበር፤ ከፈለግሽ ውሰጂው፣ አለበለዚያ ቆሻሻ መጣያ ነው የሚሄደው አሏት። በማዳበሪያ ከረጢት እየተሸከመች ሦስት ወር ተመላለሰች። ወንድሟ ያኔ ሚስቱን ይዞ ሩቅ ከተማ፣ የሦስት ቀን መንገድ ሄዶ ይሠራ ነበር። ግድግዳውን ከደመወዟ ለቀን ሠራተኛ ከፍላ አስቆመች፤ ወለሉን ግን እሑድ እሑድ በጉልበቷ ተንበርክካ ራሷ ነጠፈችው። ባለቀ በሳምንቱ ጎረቤት መጣ፤ እናቷ በሩ ላይ ቆማ "የባለቤቴ የእጅ ሥራ ነው፤ ብልቃጡን ያጠራቀመው እሱ ነው" አለችና ሳቀች። ከቀብሩ ወዲህ ስትስቅ ያ የመጀመሪያዋ ነበር። እሷም ለማረም አፏን ከፈተች፤ መልሳ ዘጋችው። ከዚያ በኋላ ለመጣው ሁሉ ያው ተነገረ፤ ወንድሟም ሲመለስ ያንኑ ሰማ። ዝም አይነቅዝም ይባላል። የእሷ ዝምታ ግን ነቅዞ ዛሬ ጠዋት በወጥ ቤት መስኮት ወጣ።

ምስክር ፍለጋ ወጣች። በሰፈሩ ከድሮ ሰው የቀረው ጥግ ላይ ያለው ልብስ ሰፊ ብቻ ነው። የመስኮቷን መጋረጃ የሰፋላት እሱ ነው፤ የስፌት መኪናውን ፔዳል መርገጡን ሳያቆም አዳመጣት። ስለ ጨርቅ መወደድ፣ ስለ ክር ጥራት፣ ስለ ዓይኑ አወራላት፤ ስለ ክፍሏ ግን እሱ የሚያውቀው እናቷ የነገሩትን ነው። አሸዋ ስትሸከም አይቷት ይሆናል፤ በዚያ ዘመን ማን አሸዋ አይሸከምም ነበር። "ሙት ወቅሶ መመስከር ይከብደኛል፣ እህቴ፤" አለና ጨርቁን አዞረው። አልፈረደችበትም። ሠላሳ ዓመት አብራው ስትዋሽ ኖራ ዛሬ ብቻውን እውነት ተናገር ልትለው አትችልም።

መድኃኒት ቤቱ ስልክ መሸጫ ሆኗል። እስከ ጣራ ይደርስ የነበረው መደርደሪያ ተነቅሎ ግድግዳው መብራት በመብራት ሆኗል፤ አንዲት ቆንጆ ልጅ ጥፍሯን እየሞረደች የትኛውን ስልክ እንድታሳያት ጠየቀቻት። ሽማግሌው ከሞቱ ቆይተዋል፤ ልጆቻቸው የምድር ቤቱን መዝገብ ሁሉ በኪሎ ለመጠቅለያ ሸጠውታል። እቃ ማጠቢያው የነበረበት ቦታ ላይ አሁን የስልክ ሽፋን ተንጠልጥሏል። ትንሽ ቆማ አየችው፤ እጇ ሠላሳ አንድ ዓመት ውሃ ውስጥ የኖረው እዚያ ጋ ነው። ከዚያ ወጥታ ከሰፈሩ ባለ ሱቅ ሁለት አቼቶ ገዛች። ዋጋው ካለፈው ወር በእጥፍ ጨምሯል፤ ለምን ብትለው ፕላስቲኩ ተወድዶ ነው አላት። አቼቶው ሳይሆን ፕላስቲኩ።

ቤቷ ስትገባ ስድስት ሰዓት ሆኖ ነበር። ቁም ሳጥኑን ባዶ አድርጋ ልብሷን አልጋው ላይ ከመረች፤ በጀርባዋ እየገፋች፣ እያረፈች፣ ለራሷ እየተሳደበች ከማዕዘኑ አወጣችው። ሥሩ ያለው ወለል አቧራና ቀይ የወለል ሰም የጠጠረበት ነው። ያ ማዕዘን የመጨረሻው እሑድ ሥራ ነው። የምድር ቤቱ አሮጌ ብልቃጥ ሁለት ክንድ ያህል ሲቀራት አለቀባትና ከመድኃኒት ቤቱ እቃ ማጠቢያ ሥር የነበረውን የመጨረሻ ሣጥን አምጥታ ሞላችበት። ሣጥኑ አዲስ ይሁን የቆየ አታስታውስም። የብልቃጦቹ መቀመጫ ጉድጓድ በሲሚንቶ ውሃና በሰም ተደፍኖ ቁጥር አይታይበትም፤ በጣቷ ብትዳስሰው እንኳ ለስላሳ ነው። አቼቶ አፍስሳ፣ ፍቃ፣ አይታ መረጋጋት ትችል ነበር። እጇ ወደ አቼቶው ሄዶ ተመለሰ። ቀድማ ከፋቀችው "ቁጥሩን በመርፌ የጫርሽው አንቺ ነሽ" የሚል አይጠፋም። ስለዚህ ሳትነካው፣ ሳታውቀውም፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ወንበር ላይ ተቀምጣ አፈጠጠችበት። ምሳም አልበላችም።

ሽማግሌዎቹ በሰዓታቸው መጡ። አንደኛው ወንድሟን በልጅነቱ ያስተማሩት መምህር ናቸው፤ ክራቫት አድርገው ደብተር ይዘዋል። ሁለተኛው በእርጅና ሥራ ያቆሙ ግንበኛ ናቸው፤ ወደዚህ ሰፈር የመጡት ዘግይተው ስለሆነ ለማንም አያደሉም ተብለው ነው የተጠሩት። ሁለቱም በሩ ላይ ጫማቸውን አወለቁ። ወንድሟ ተከተላቸው፤ ሚስቱ ከሁሉም ኋላ ገብታ በሩ ጥግ ቆመች። ወንበሮቹ ላይ ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ፤ ወንድሟ ጉልበቱን ይዞ አልጋው ጠርዝ ላይ አረፈ። መምህሩ "ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ" ብለው ጀመሩና ወንድሟ ተናገረ። በደንብ ነው የተናገረው። አባቱን አነሣ፣ እናቱ ለእንግዳ ሁሉ ስታወራ የኖረችውን አነሣ፤ ከዚያ ከአልጋው ወርዶ በግድ እየተንበረከከ በሩ አጠገብ ወዳለው አንድ ጥቁር አረንጓዴ ብልቃጥ ጣቱን ዘረጋ። መሀሉ ላይ ሸካራ ጠባሳ አለበት። "ይኼንን አንድ የዕቃ ዐዋቂ አይቶት መቶ ዓመት አልፎታል ብሎኛል፤" አለ። "አባዬ የመጋዘን ጠባቂ ነበር። መቶ ዓመት ያለፈው ብልቃጥ ከእሱ በቀር በማን እጅ ይገባል?" መምህሩ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው አውጥተው ጎንበስ ብለው አዩት፤ ራሳቸውንም ነቀነቁ። ግንበኛውም "እውነትም የጥንት ነው" አሉ። ክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ነገሩ ያለቀ መሰለው።

እሷ አልተቀመጠችም። ብልቃጡ መቶ ዓመት እንዳለፈው አመነች፤ እንዲያውም መቶ ሠላሳ ሳይጠጋ አይቀርም አለች። እምብርቱን አሳየቻቸው፤ አጠገቡ ያለው እምብርት የሌለው ለምን እንደሆነ፣ የሦስተኛውን ቀለበት ማን እንዳተመበት፣ ነጮቹ ለምን ወደ ሐምራዊ እንደሄዱ አንድ በአንድ በእግሯ ጣት እየጠቆመች ነገረቻቸው። ማንም አላቋረጣትም። መምህሩ ሳያስቡት ደብተራቸውን ከፍተው መጻፍ ጀምረዋል።

"አሮጌ ብልቃጥ አዲስ ወለል ውስጥ ይገባል፤" አለች። "እኔው አስገብቼዋለሁ። ገና ያልተሠራ ብልቃጥ ግን አሮጌ ወለል ውስጥ አይገባም። ከዚህ ሁሉ መሀል የሚመሰክረው ታላቁ ሳይሆን ታናሹ ነው። ታናሹን እንፈልግ።"

ወንድሟ ቀስ ብሎ ቀና አለ። "እማዬ ዋሸች ነው የምትይው?"

ጠዋት ሙሉ የፈራችው ይህንን ጥያቄ ነበር። "እማዬ አባዬ ናፍቋት ነው፤" አለች። "ዋሽቼ የኖርኩት እኔ ነኝ። ከሳቀችልኝ ብዬ ነው። ለአንተም ስትነግርህ እዚህ ቆሜ ሰምቻለሁ፤ ዝም አልኩ። ለዚያ ይቅር በለኝ። ለቤቴ ግን ይቅርታ አልጠይቅህም።"

ከዚያ ቁም ሳጥኑ የተነሣበትን ማዕዘን አሳየቻቸው፤ የመጨረሻው እሑድ ሥራ ነው አለች። ግንበኛው ናቸው ተነሥተው ወደ ማዕዘኑ የሄዱት። ከኪሳቸው የማትጠፋውን ቢላዋ አውጥተው ተንበርክከው በብልቃጦቹ መሀል ያለውን ሲሚንቶ ጫር ጫር አደረጉ፤ ከመሀል ወለሉም ጫሩ፤ ዱቄቱን በጣታቸው አሹት፤ ጆሯቸውን አስጠግተው በቢላዋው እጀታ አንኳኩ። ተቆፍሮ እንደገና የተሞላ ነገር የለበትም፣ አሸዋው አንድ አሸዋ ነው፣ ንጣፉም አንድ እጅ ነው አሉ። "የባለሙያ እጅ ግን አይደለም፤" ብለው ጨመሩ፤ "ውሃ ልኩን ስቷል።" በሕይወቷ እንዲህ ያስደሰታት ነቀፋ አልነበረም።

አቼቶውን አፈሰሰችው። መጀመሪያ ሰሙን በቢላዋ ልጣ፣ ከዚያ ማዕዘኑ ላይ ያሉትን ሃያ ያህል ብልቃጦች አረጠበች፤ ሲሚንቶው ጭስስ እያለ አረፋ ደፈቀ። ሩብ ሰዓት መጠበቅ ነበረባቸው። የሚጠላሉ ሰዎች ጠብ ሲጀምሩ ጊዜው ይሮጣል፤ የሚዋደዱ ሰዎች ፍርድ ሲጠብቁ ግን ሩብ ሰዓት አያልቅም። መምህሩ ስለ ጉልበቱ ሐኪም ምን አለህ ብለው ወንድሟን ጠየቁት፤ ወንድሟም ስለ ጉልበቱ አወራ። ክፍሉ ሰላጣ ሰላጣ ይሸታል። ከዚያ በጥርስ ብሩሽ መፋቅ ጀመረች፤ የጠነከረውን በመርፌ አነሣች። የመጀመሪያው ጉድጓድ ጠራና መምህሩ በባትሪ እያበሩ አነበቡት። መሀሉ ላይ በክብ ውስጥ ያለች ኮከብ፤ ከግራዋ ሦስት፤ ከቀኝዋ ስድሳ ዘጠኝ።

ስድሳ ዘጠኝ አባቷ በሕይወት የነበረበት ዓመት ነው። የወንድሟ ትንፋሽ ሲወጣ ተሰማ። ሣጥኑ የቆየ ቢሆንስ? ሁለተኛውን ፋቀች፤ ያው ስድሳ ዘጠኝ። ሦስተኛው ገና ሲነጠፍ ተሰንጥቆ ኖሮ ቁጥሩ አይለይም። አራተኛው ሰባ። መርፌውን እንደገና አነሣች፤ ግንበኛው "ይብቃሽ፣ ልጄ" አሉ። ለእሷ ብለው ነው፤ በደግነት ነው። "አይበቃኝም" አለችና ከግድግዳው ሥር ወዳለው ወደ መጨረሻው ረድፍ በሆዷ ልትተኛ ምንም አልቀራትም። አምስተኛው ሰሙ አልለቅ አላት፤ በመርፌው ጫፍ ቅርፊት ቅርፊቱን አነሣች፤ እፍ አለችበት። መምህሩ ባትሪውን አስጠጉ። ኮከብ፤ ከግራ ሦስት፤ ከቀኝ ሰባ አራት። ቀጥሎ ያለውም ሰባ አራት። ከእሱ ቀጥሎ ያለውም።

"ቁጥር ቁጥር ነው፤" አለ ወንድሟ። የድምፁ ማር ተሟጧል። "ዓመት መሆኑን በምን አወቅን? እሷ ስላለች? የቅርጹም ቁጥር ሊሆን ይችላል፤ የምድብም ሊሆን ይችላል።" አነጋገሩ ክፋት ብቻ አልነበረም፤ ከሥሩ አባቱ እየተወሰደበት ያለ ሰው ነበር። መምህሩም ወደ እሷ ዞረው፣ ሌላ ማስረጃ አለዎት ወይ ብለው ጠየቋት። አልነበራትም። መዝገቡ መጠቅለያ ሆኗል፤ ሽማግሌው አፈር ሆነዋል። እሷ የምታውቀውን ሌላ የሚያውቅ ሰው በዓለም ላይ የለም።

ያኔ የወንድሟ ሚስት ከበሩ ጥግ ጠፋች። የወጣችው ንዴቱ አስጠልቷት መሰላቸው። ግቢውን አቋርጣ ስትመለስ እጇ ላይ አንዲት ቡናማ ብልቃጥ ይዛ ነበር፤ አፏ በጨርቅ ተወትፏል። ባሏን ሳታይ፣ ለሽማግሌዎቹም ሳትሰጥ፣ በቀጥታ ወደ እትዬ ብልቃጥ ሄዳ መዳፏ ላይ አስቀመጠችላት። "ትልቁ ልጄ በተወለደ በአርባ ቀኑ ሳምባው ታምሞ የዳነበት ሽሮፕ ነው፤" አለች። "እዚያ ከተማ ነው የገዛነው። እስከ ዛሬ አልጣልኳትም።" እትዬ ብልቃጥ አገላብጣ አየቻት። ስፌቱ ከንፈሯን ዘሎ አልፏል። ከመቀመጫዋ ላይ ያለውን ግን ራሷ አላነበበችውም፤ ለመምህሩ ሰጠች።

"ኮከብ፤" አሉ መምህሩ፤ "ሦስት። ሰባ አራት።" ከዚያ ባትሪውን አጥፍተው ወንድሟን አዩት። "ልጅህ መቼ ነው የተወለደው?"

ወንድሟ ሊዋሽ ይችል ነበር፤ ከክፍሉ ውስጥ ሊያስተባብለው የሚችል ሚስቱ ብቻ ናት፤ እሷም ብትሆን ዛሬ ስንት ጊዜ ትናገራለች። "በሰባ አራት፤" አለ። ግድግዳውን እያየ ነበር የተናገረው።

ፍርዱ ከዚህ በኋላ ቀላል ነው የሚል ሰው ሽማግሌ አያውቅም። ሽማግሌ እውነቱን ካገኘ በኋላ ሰላሙን መፈለግ ይጀምራል፤ ለሰላሙ ሲል ከእውነቱ ጫፍ ጫፉን ይከረክማል። ሁለቱ በዝግታ ተነጋገሩ። ወንድሟ እንዲያፍር አልፈለጉም፤ የሟች ስምም እንዲነሣ አልፈለጉም። መምህሩ ከደብተራቸው አንድ ቅጠል ቀድደው በሚያምር ጽሕፈታቸው ጻፉና ጮክ ብለው አነበቡ፤ በወንድምና በእህት መካከል በተደረገ ስምምነት፣ ከአባታቸው ቤት በስተኋላ የምትገኘው ክፍል ለእህትየው ተሰጥታለች፤ ከዛሬ ጀምሮ ማንም አይነካትም። ወንድሟ ራሱን ነቀነቀ። ግንበኛው ብዕሩን ተቀብለው ወደ እሷ ዘረጉት።

"ፈርሚ፣ ልጄ። ተገላገልሽ።"

ብዕሩን ተቀበለች። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ እሷም በበኩሏ አነበበችው፤ ጣቷን ቃል በቃል እያስከተለች፣ እንደ ብልቃጥ። እጇ አቼቶ አቼቶ ይሸታል፤ ከጥፍሮቿ ሥር ቀይ ሰም ገብቷል። አንድ ቃል ላይ ስትደርስ ጣቷ ቆመ።

"ማነው የሰጠኝ?" አለች።

መምህሩ ለሰላም ተብሎ ነው አሉ። ግንበኛው፣ ዋናው ነገር ቤቱ ላንቺ መሆኑ ነው፤ ቃሉ ምን ይጎዳሻል አሉ። ሁለቱም እውነታቸውን ነው፤ ክፍሏ በእጇ ገብታለች፤ ማንም ከእንግዲህ በወጥ ቤት መስኮት አይሸጣትም። በዚህ ሰዓት እሺ ማለት ሠላሳ ዓመት እንደለመደችው ቀላል ነበር። የወንድሟ ሚስት ከበሩ ጥግ ታያታለች።

"ሰላሙን እፈልገዋለሁ፤" አለች። "ስጦታውን አልፈልግም። ማንም አልሰጠኝም። እሷ ሠራቻት ብለው ይጻፉ፣ መምህር። ግድግዳውን ከደመወዟ አቆመች፣ ወለሉን በእጇ ነጠፈች ብለው ይጻፉ። ውሃ ልኩን ስታለች ብለው መጻፍም ይችላሉ።"

"አባዬስ?" አለ ወንድሟ። የሽያጭ ነገር ከድምፁ ውስጥ ጨርሶ ወጥቷል፤ የቀረው የልጅ ጥያቄ ነበር።

"አባዬ ያኔ ከሞተ አራት ዓመቱ ነበር። እሱንም ይጻፉት።"

መምህሩ የመጀመሪያውን ወረቀት አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱና ሌላ ቅጠል ቀደዱ። ብዕሩ ሲጫር ብቻ ይሰማል። ሲጨርሱ አላነበቡትም፤ ለእሷ ሰጧት፤ አነበበች፤ ፈረመች። ከዚያ ብዕሩን ለወንድሟ ዘረጋች። በሁለቱም እጆቹ ጠረጴዛውን ተደግፎ ተነሥቷል፤ ጉልበቱ እንዳመመው ከፊቱ ይታወቃል። ወረቀቱ ላይ ቆሞ ሊያጎነብስ ሲል ግንበኛው የተነሡበትን ወንበር ስባ ከኋላው አስጠጋችለት።

"ቁጭ ብለህ ፈርም፤" አለችው። "ቁጭ በል። ቤቴ ነው።"